የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የሰርቨር ሥርዓት ምርጫ ከገዳሪፍ ሲታይ

ስለ ድረ ገጽ በተነሣ ቁጥር የሰው ክርክር የሚያጠነጥነው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ በስሙ፣ በመልኩና በወጪው። ስሙ ለጆሮ እንዲጥም፣ መልኩ ዓይን እንዲስብ፣ ወጪው ከአባላቱ መዋጮ እንዳያልፍ ረጅም ስብሰባ ይደረጋል። ድረ ገጹን ተሸክሞ የሚያቆመው አራተኛው ነገር፣ ማለትም ሰርቨር በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ግን «እሱ የባለሙያው ጉዳይ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ይህ ደግሞ የቤት ባለቤት ስለ ግድግዳው ቀለም ሲጨቃጨቅ ውሎ መሠረቱን ግንበኛው እንደ ፈቀደ እንዲጥለው እንደ መተው ያለ ስሕተት ነው። ቀለም በየዓመቱ ይታደሳል፤ መሠረት ግን ቤቱን ሳያናጉ አይለወጥም።

በተለይ በገዳሪፍ፣ በከሰላ፣ በዶካ፣ በገላባትና በመተማ ዙሪያ ለሚኖረው አማርኛ አንባቢ ይህ ምርጫ የባለሙያ ጣዕም ጉዳይ ሊሆን አይችልም። አካባቢው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓይነት መዘጋት አይቷል፤ በማዕቀብ የሚዘጋ በር፣ በጦርነት የሚቆረጥ መስመርና በመንግሥት ትእዛዝ የሚጠፋ ኢንተርኔት። እንዲህ ባለ ስፍራ ስለሚመረጥ ሥርዓት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ያምራል?» ወይም «ምን ያህል ለምደነዋል?» የሚለው ሳይሆን «ማን ሊከለክለን ይችላል?» የሚለው ነው።

ነገሩ ለማንም አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ማብራራት ይገባል። ድረ ገጽ የሚያቆም ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተዳብሎ መኖር ነው፤ በዚህ ጊዜ ሥርዓቱን የሚመርጠው አከራዩ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር ለብቻ መከራየት ነው፤ በዚህ ጊዜ ተከራዩ ገና የመጀመሪያውን ቅጽ ሲሞላ የትኛው ሥርዓት እንዲጫንለት እንደሚፈልግ ይጠየቃል። የሚቀርብለትም ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ በአንድ ወገን የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨር፣ በሌላ ወገን ከሊኑክስ ቤተሰብ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ አልማሊኑክስ፣ ሮኪ ሊኑክስና የመሳሰሉት ናቸው። ተከራዩ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውም ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

በዚህ ቤት ውስጥ ምን ይቀመጣል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። ለአረምና ለአጨዳ በመተማ በኩል የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ በየዓመቱ ይመጣባታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግሯል፤ ብዙውም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ካምፖች ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጎርፉ አቅጣጫውን ለውጦ ከገላባት ወደ መተማ ሆነ። ለእንዲህ ዓይነት ሕዝብ የሚቆም ድረ ገጽ የሚይዘው ዜናና ግጥም ብቻ አይደለም፤ የጠፋ ዘመድ ስም፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የእድርና የማኅበር መዝገብ፣ የሠራተኛ ውልና የደመወዝ ማስታወሻ ይይዛል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሲዘጋ ቤተሰብ ይጠፋፋል፤ በማይገባው እጅ ሲወድቅ ደግሞ ሰው ይታሰራል፣ ከዚያም የባሰ ይደርስበታል። ስለዚህ የሥርዓቱ ምርጫ ከቴክኒክ አልፎ የአደራ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው መዘጋት እንመለስ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 3 ቀን 1997 በፈረሙት ትእዛዝ በሱዳን ላይ አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ ተጣለ። ማዕቀቡ የተነሣው በኦክቶበር 12 ቀን 2017 ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ሱዳን ውስጥ ያለ ሰው ከአሜሪካ ኩባንያ የሶፍትዌር ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ለመጠቀም በሩ ዝግ ነበር፤ ለግል መገናኛ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች መጠነኛ ክፍተት የተገኘው በ2015 ነው። ይህ የታሪክ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል ብሎ የሚጽናና ካለ፣ በጁን 2025 የአሜሪካ መንግሥት ወደ ሱዳን በሚላኩ ሸቀጦች ላይ አዲስ ገደብ መጣሉን ያስታውስ። በር አንዴ ስለተከፈተ ዳግመኛ አይዘጋም ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን በጃንዋሪ 2010 የተገኘው ነው። በዚያ ወር በዓለም ላይ ትልቁ የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ ከነበሩት አንዱ የሆነው ሶርስፎርጅ ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያ፣ ከሶርያና ከሱዳን የሚመጣውን ተጠቃሚ ማገድ ጀመረ። ዕገዳው የሰውን ዜግነት አይመረምርም ነበር፤ የሚያየው የመስመሩን አድራሻ ነው። ስለዚህ ገዳሪፍ ተቀምጦ የሱዳንን መስመር የሚጠቀም ኢትዮጵያዊም እንደ ሱዳናዊው ሁሉ ከደጅ ተመለሰ። «ነጻ ሶፍትዌር ነጻ ነው» ብለው በየዋህነት ያመኑ ሁሉ በዚያን ጊዜ ደነገጡ።

ሆኖም ነገሩን በጥሞና የተመለከተ ሰው ሁለት ቁልፎች እንዳሉ ተረዳ። አንደኛው የፈቃድ ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛው የመጋዘን ቁልፍ። የመጋዘኑ በር ሲዘጋ ፈቃዱ አልተዘጋም። ቀድሞ ቅጂውን በእጁ የያዘ ሰው ያንኑ ቅጂ የመጠቀም፣ የማባዛትና ለጎረቤቱ የማካፈል መብቱ እንዳለ ነበር፤ ይህንን መብት ፈቃዱ ራሱ ሰጥቶታልና። በሚሸጠው ሶፍትዌር ግን ሁለቱም ቁልፎች በአንድ ባለቤት ኪስ ውስጥ ናቸው። የገዳሪፍ ገበሬ ይህንን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለመብል የተገዛ እህል ሲበላ ያልቃል፤ ለዘር የተቀመጠ እህል ግን ይዘራል፣ ይባዛል፣ ለጎረቤትም ይበደራል። ዘሩን ከሌላ ሰው ጎተራ ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም ጦሙን ሊያድር ይችላል።

የዊንዶውስ ጠበቆች በዚህ ላይ አንድ ፈጣን መልስ አላቸው፤ «ማን ገዝቶ ይጠቀማል? ቅጂው በየሱቁ አለ!» ይላሉ። እውነት ነው፤ የዊንዶውስ ሰርቨር መደበኛ ፈቃድ ለ16 የፕሮሰሰር ኮር ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለሚጠይቅ፣ የተሰበረ ቁልፍ ያለው ቅጂ ርካሽ መፍትሔ ይመስላል። ግን ርካሽ አይደለም፤ በብድር የተወሰደ ነው፣ ወለዱም ከባድ ነው። ቁልፉን የሰበረው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ከቁልፉ ጋር ምን እንዳስገባ የሚያውቅ የለም። ባለቤቱም እንዳይጋለጥ ፈርቶ የጥገና ዕድሳቱን ያጠፋዋል። የዚህ ፍርሃት ዋጋ በሜይ 12 ቀን 2017 ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በአንድ ቀን ዓለምን ሲያዳርስ የገባው በአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ በኩል ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ጥገና ሁለት ወር ቀደም ብሎ በማርች አውጥቶ ነበር። የተጎዱት ጥገናውን ያላደረጉት ናቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ዕድሳት የሌለው ሰርቨርም በሩን ገርበብ አድርጎ የተኛ ቤት ነው። የስደተኛ ስም ዝርዝር በእንዲህ ዓይነት ቤት ማስቀመጥ ድህነት አያሰኝም፤ ቸልተኝነት እንጂ።

ለፍትሕ ሲባል የዊንዶውስ ወገን ሊደመጥ የሚገባው እውነት አለው። ማኅበሩ ቀድሞ የገዛው የሒሳብ ወይም የመዝገብ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሕጋዊ ፈቃድ የሚከፍልበት አቅምም ካለው፣ ዊንዶውስ ሰርቨር መምረጡ ነውር የለበትም። ሥርዓቱም በወጉ ከተያዘ ጠንካራ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው ሰው ዊንዶውስን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት አይደለም፤ መስኮቱን፣ አዝራሩንና መዳፊቱን ስለለመደ ነው። ልማዱ ደግሞ ከሩቅ ሲሠራበት ጠላት ይሆናል። ሰርቨሩ አውሮፓ ተቀምጦ አስተዳዳሪው ገዳሪፍ ሲሆን መስኮቱ በሙሉ እንደ ሥዕል በመስመር ላይ መጓዝ አለበት። በደካማ የስልክ መስመር አንዷን አዝራር ለመጫን የሚወስደው ጊዜ ትዕግሥትን ይፈትናል። ሊኑክስን ግን ኤስኤስኤች በተባለው መንገድ በጽሑፍ ብቻ ማዘዝ ይቻላል፤ ጥቂት ፊደላት ይሄዳሉ፣ ጥቂት ፊደላት ይመለሳሉ። መስመሩ መሐል ላይ ቢቆረጥ እንኳ ስክሪን የተባለውን አነስተኛ ፕሮግራም አስቀድሞ የከፈተ አስተዳዳሪ ተመልሶ ሲገባ ሥራውን ካቆመበት ያገኘዋል። በዊንዶውስም የጽሑፍ መንገድ አለ የሚል ይኖራል፤ አለ። ነገር ግን ዊንዶውስ የተመረጠው ለመስኮቱ ሲባል ከነበረ፣ መስኮቱን ትቶ በጽሑፍ የሚያዝ ሰው ለምን እንደመረጠው መልሶ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን «እንግዲያውስ ሊኑክስ የሚል ስም ያለው ሁሉ ይሁን» ማለት አይደለም። የሊኑክስ ወዳጆችም የራሳቸው የዋህነት አላቸው። ሴንትኦኤስ የተባለውን ሥርዓት ያየ ያውቃል። ከ2004 ጀምሮ የሬድ ሃትን የሚሸጥ ሥርዓት በነጻ ያቀርብ ስለነበር በብዙ አገሮች የሰርቨር ተከራዮች ዋና ምርጫ ሆኖ ነበር። በ2014 ሬድ ሃት በክንፉ ሥር አደረገው፤ በ2019 ደግሞ አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በዲሴምበር 8 ቀን 2020 አንድ መግለጫ ወጣ፤ እስከ 2029 ድረስ ጥገና ይደረግለታል ተብሎ የተጠበቀው ሴንትኦኤስ 8 በዲሴምበር 31 ቀን 2021 እንዲያበቃ ተወሰነ። የስምንት ዓመት ተስፋ ወደ አንድ ዓመት አጠረ። አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ በ2021 የተወለዱት ይህ ውሳኔ የተወውን ክፍተት ለመሙላት ነው። ነገሩ ሕግን የጣሰ አልነበረም፤ ስጦታው የሰጪው ነበርና ሰጪው መልሶ ወሰደው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለድንበሩ አካባቢ የሚስማማው ምርጫ ዴቢያን ነው ብሎ በድፍረት መናገር ይቻላል። ዴቢያን በ1993 የተመሠረተ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ ሥርዓት ነው። በ1997 ያጸደቀው ማኅበራዊ ውል ሥርዓቱ ሁልጊዜ ነጻ ሆኖ እንደሚኖር ለተጠቃሚው ቃል ይገባል። በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛ ዕትሙ መደበኛውና የተራዘመው ጥገና ሲደመር አምስት ዓመት ያህል ይጠበቃል። ከዴቢያን የተወለደው፣ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ በ2004 የተጀመረው ኡቡንቱም ጥሩ ወንድም ነው፤ በአንድ ወቅት ሲዲውን በነጻ በፖስታ ለጠየቀው ሁሉ ይልክ ነበር። ነገር ግን ኡቡንቱ የካኖኒካል ኩባንያ ነው፤ የሴንትኦኤስን ታሪክ ያየ ሰው ደግሞ ከልጁ ይልቅ ወላጁን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ዴቢያንን የሚነቅፉ ሰዎች «ቀርፋፋ ነው፣ አዲስ ነገር ቶሎ አይቀበልም» ይላሉ። ነቀፋው እውነት ነው፤ ጥቅሙም ያ ነው። በማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሰርቨርን ከሩቅ ለመክፈት ሆን ተብሎ የተሸሸገ የጓሮ በር ማግኘቱን ለዓለም አሳወቀ። የተበከለው ቅጂ ወደ ዴቢያን የሙከራ ዕትሞች ገብቶ ነበር፤ ወደ ጸናው ዕትም ግን አልደረሰም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ያልቸኮለው ዳነ። ነጻ ሶፍትዌር እንከን የለሽ ነው የሚል ሰው ካለ ይህንን ታሪክ ያስታውስ፤ ነጻ ሶፍትዌር በአደባባይ ስለሚሠራ እንከኑን የውጭ ዓይን ሊያገኘው ይችላል የሚል ካለም ይህንኑ ታሪክ ይጥቀስ።

ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው መዘጋት ሲኬድ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ሱዳን ውስጥ ኢንተርኔት ከጁን 3 እስከ ጁላይ 9 ቀን 2019፣ እንደገናም ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 ጀምሮ ከሦስት ሳምንት በላይ በትእዛዝ ተዘግቷል። ከድንበሩ ወዲያ በአማራ ክልልም በኦገስት 2023 የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ደግሞ ሱዳኒ፣ ዜይንና ኤምቲኤን ሦስቱም ጸጥ አሉ፤ ዋና ዋና መቆጣጠሪያዎቻቸው ጦርነት ባለበት ካርቱም በመሆናቸው ጦርነቱ ያልደረሰባቸው ከተሞች ሳይቀሩ ከዓለም ተለዩ። ገዳሪፍ በሸኸዲ በኩል በተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት፤ ነዋሪዋም መስመር ያለው ሰው ፋኖስ አይጥልም የሚለውን በኑሮ ያውቀዋል።

የሰርቨሩ ፋኖስ መንታው ነው። ዋናው ኮምፒዩተር ውጭ አገር ተከራይቶ ለዓለም ይሠራል፤ ተመሳሳይ ሥርዓት የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ደግሞ ገዳሪፍ ውስጥ በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጣል፣ በየሳምንቱም የድረ ገጹን ቅጂ ይቀበላል። ኢንተርኔት ሲጠፋ በቢሮው ዋይፋይ መዝገቡ ይነበባል፤ ኪራዩ በማዕቀብ ወይም በክፍያ እጦት ቢሰረዝ ደግሞ ሌላ አገር ሌላ ኮምፒዩተር ላይ በአጭር ጊዜ ይተከላል። በዊንዶውስ ይህ መንታ ሁለተኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በዴቢያን አይጠይቅም። የዴቢያን ማከማቻ ከ60,000 የሚበልጡ የፕሮግራም ጥቅሎች ቢይዝም፣ ለአንድ የኮምፒዩተር ዓይነት የሚያስፈልገው በአንድ ተራ ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስክ ላይ ይገባል፤ ዲስኩም በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛል። ማከማቻው በዲጂታል ማኅተም የታተመ ስለሆነ ዲስኩ በብዙ እጅ ቢያልፍም ተቀባዩ ኮምፒዩተር ጥቅሎቹ አለመነካታቸውን ያረጋግጣል። በ2010 የመጋዘኑ በር ሲዘጋ የጎደለው ይህ ዲስክ ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለዚህ ነው፤ ቅጂው የሚያዘው በሩ ክፍት ሳለ ነው።

«አማርኛን የሚያውቀው ዊንዶውስ ነው» የሚለው ክርክር ደግሞ ያለፈ ዘመን ቅሪት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አመዳደብ ስለነበረው አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ሶፍትዌሮቹም የተሠሩት በብዛት ለዊንዶውስ ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ መደብ ካገኘ በኋላ ግን ጉዳዩ ተለውጧል። ሰርቨር ፊደሉን አይሥለውም፤ ቁጥሩን ብቻ ያስተላልፋል፣ ሥዕሉን የሚያወጣው የአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው የመረጃ ቋቱ በዩቲኤፍ-8 መዘጋጀቱ ላይ ነው። በቀድሞዎቹ የማይኤስኪውኤል ዕትሞች እንደነበረው ለላቲን ፊደል ብቻ የተዘጋጀ ቋት ከሆነ የሰው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጥፋት በዊንዶውስም በሊኑክስም እኩል ይደርሳል፤ ፈውሱም አንድ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ «ዴቢያንን የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል?» የሚለው። ነጻ ሥርዓት ራሱን አያስተዳድርም። አንድ ጎበዝ ወጣት ሁሉን በራሱ እጅ ተክሎ፣ የይለፍ ቃሉን በራሱ ልብ ብቻ ይዞ ወደ ሊቢያ ወይም ወደ ገልፍ አገር ቢሄድ፣ ማኅበሩ ከማይክሮሶፍት ጥገኝነት ወጥቶ በአንድ ሰው ጥገኝነት ሥር ወደቀ ማለት ነው። መፍትሔው ግን ሥርዓቱን መተው አይደለም፤ ዕውቀቱን ማካፈል ነው። ሁለት ሰዎች ይሠልጥኑ፤ የተጫነው ሁሉ፣ የተለወጠው ሁሉ በአማርኛ በደብተር ይጻፍ፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ኤንቨሎፕ በማኅበሩ ሊቀመንበር እጅ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ቅጂው በእውነት መሥራቱ ይፈተን። ለዊንዶውስ ፈቃድ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ሁለቱን ወጣቶች ለማሠልጠን ቢውል፣ ገንዘቡ ከአገር ሳይወጣ በሰው ውስጥ ይቀራል። በየስብሰባው ስለ ስምና ስለ ቀለም የሚከራከር ሽማግሌም ከእንግዲህ ለባለሙያው የሚያቀርበው ጥያቄ አለው፤ የመጋዘኑ በር ነገ ቢዘጋ ዘሩ በማን ጎተራ ነው ያለው?